የባለወጥመዱ ተዝካር

የጋሽ አዱኛን ማረፍ የነገረኝ የእድራችን ጸሐፊ ነው። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ግሮሰሪ ውስጥ ቲማቲም እየመረጥኩ ነበር። ኮል አደረገልኝና "ገኒ፣ የት ነሽ? ተቀምጠሻል?" አለኝ። ይህን ጥያቄ ያገሬ ሰው መቼ እንደሚጠይቅ አውቃለሁና "ማነው?" አልኩት። "ጋሽ አዱኛ" አለኝ። እንግዲህ አትፍረዱብኝ፣ ሳቅሁ። ቲማቲሙን እንደያዝኩ ሳቄ አመለጠኝ። ጸሐፊው ደንግጦ "ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ?" ሲለኝ፣ "ይቅርታ፣ ዋሺንግተን ውስጥ ጋሽ አዱኛ የቀሩበት ለቅሶ የለም። የመጀመሪያው የሚቀሩበት የራሳቸው ሊሆን ነው ብዬ ነው" አልኩት። እሱም ሊያፍነው ሞከረ፣ አልቻለም፣ ሳቀ። ከዚያ ሁለታችንም ስልኩን ይዘን አለቀስን።

የተዋወቅነው አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ አንድ ሆቴል ላውንድሪ ቤት ነው። በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ እኔ በዲቪ ከመጣሁ ገና ዓመት ሳይሞላኝ። ሱፐርቫይዘሯ ወስዳ አንድ ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንሽ ወደፊት የሚያዘነብሉ ሽማግሌ ፊት አቆመችኝና ሄደች። ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "አማርኛ ታውቂያለሽ?" "አዎ።" "ተመስገን! እስከ ትላንት አጣማሪዬ ከኮሪያ ነበረች። ጎበዝ ሴት ናት፣ ግን ሦስት ወር ሙሉ ሳንተማማ ከረምን" አሉና የአንሶላውን ሁለት ጫፍ ወረወሩልኝ።

የኪንግ ሳይዝ አንሶላ አንድ ሰው ብቻውን አያጥፈውም። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ፣ ወጥሮ፣ አራግፎ፣ እየተጠጋ ነው የሚያጥፈው። ጋሽ አዱኛ ሲያራግፉት ያጮሁታል። ከዚያ ጫፎቹን ይዘው በትንሽ በትንሽ ወደኔ ይራመዱና፣ ልክ ክርስትና የተነሳ ሕፃን እንደሚያቀብሉ አድርገው እጄ ላይ ያኖሩታል። "አንሶላና ወሬ ለብቻ አይታጠፍም" ይሉ ነበር። ይህ ተረት ከየት እንደመጣ ጠይቄያቸው "ከእኔ ነው፣ ሌላ ከየት ይመጣል?" አሉኝ።

መኪናቸው ትራንክ ውስጥ ዘወትር አንድ ጥቁር ኮትና አንድ ነጠላ አለ። ለቅሶ ከተሰማ ከሥራ ሲወጡ እዚያው ፓርኪንጉ ላይ ለብሰው ይሄዳሉ። ያውቁት አያውቁት ግድ የላቸውም። "ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት" እያልን እንስቅባቸው ነበር። አንድ ጊዜ ሐበሻ በሚበዛበት በላንድማርክ ሰፈር፣ አንዱ አፓርትመንት ውስጥ እናቷ አገር ቤት ያረፈችባት ልጅ ነበረች። ጋሽ አዱኛ ፎቁን ተሳሳቱ። በሩ ገርበብ ብሏል፣ ደጃፉ ላይ ጫማ ተከምሯል፣ ውስጥ ሰው ሞልቷል። አንገታቸውን ደፍተው ገቡ፣ ጥጉ ላይ ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፍነው ማልቀስ ጀመሩ። ቤቱ ለካ የኤል ሳልቫዶር ሰዎች ነው፣ ድግሱም የልጅ ጥምቀት ነው! ሰዎቹ ጥቁር ለብሶ የሚያለቅስ ሽማግሌ አይተው ግራ ገባቸው፣ በኋላ አንዲት ሴት ኬክ ቆርሳ ሰጠቻቸው። "ኬኩን ሳይ ነገሩ ገባኝ" አሉኝ በማግስቱ፣ አንሶላውን እያራገፉ። "ታዲያ ወጡ?" "እንዴት እወጣለሁ? እህል ቀምሼ! ጨፈርኩ እንጂ።" ከዚያ ወዲያ ያ ቤተሰብ ለገና ሳይጠራቸው ቀርቶ አያውቅም።

ልጅ የላቸውም። ሚስታቸው አዲስ አበባ እያሉ ነው ያረፉት። አንድ ወንድም ነበራቸው፣ እሳቸውም አረፉ። ጋሽ አዱኛ ይህን የሚናገሩት የአየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው ነው፣ እኔም አልነካካውም ነበር።

ወደ ተራራው የሄድነው ሚሌኒየማችንን ባከበርንበት ሰሞን፣ በመከር ነው። የማኅበራችን ሰዎች ቫን ተከራይተን ቅጠሉ ሲቀላ ለማየት ወደ ምዕራብ ቨርጂኒያ ተራሮች ወጣን። ጋሽ አዱኛ መንገዱን ሙሉ አጉረመረሙ። "ቅጠል ለማየት ይሄን ሁሉ መንገድ? ይታያችሁ፣ ቤንዚን ተቃጥሎ ቅጠል ሊታይ!" ተራራውን ተሻግረን አንድ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ስንወርድ፣ ከሴቶቹ አንዷ ባዝሩም አጣዳፊ ሆነባትና አንዲት ነጭ የእንጨት ቤት ፊት ቆምን። ድሮ ትምህርት ቤት ነበረች፣ አሁን የመንደሩ ሙዚየም ናት። ዶት የምትባል ሰማንያ የተጠጋት ሴትዮ በሩ ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። ከኛ በፊት ማን እንደገባ እንጃ፣ ስታየን ደስታዋ ሌላ ነበር።

እኛ ባዝሩም ወረፋ ስንጠብቅ ጋሽ አዱኛ ቆዳው በጭድ ተሞልቶ የቆመ አንድ እንስሳ ፊት ደርቀው ቀሩ። ጥርሱ ብርቱካንማ፣ ጅራቱ ጠፍጣፋ። "ገኒ፣ ነይ ተርጉሚ። ይሄ ምን የሚሉት አይጥ ነው?" ቢቨር ነው፣ ወንዝ ገድቦ የሚኖር አውሬ ነው አልኳቸው። ዶት ሹራቧን አስቀምጣ መጣችና ማስረዳት ያዘች። ድሮ የዚህ እንስሳ ጸጉር አውሮፓ ውስጥ ለባርኔጣ ይፈለግ ነበር። ባለወጥመዶቹ ወንዝ ወንዙን ተከትለው፣ ቢቨሩ ወደሄደበት ተራራ እየተሻገሩ፣ ጸጉሩ በሚወፍርበት በክረምቱ ብርድ ውሃ ውስጥ ገብተው ወጥመድ ይዘረጋሉ። ቆዳውን ክብ አድርገው ቆልመም ባለ እንጨት ላይ ይወጥሩታል። ከእነሱ ኋላ ባለ መጥረቢያዎቹ መጡ፣ ከዚያ በሬ፣ ከዚያ ወፍጮ፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን። ጋሽ አዱኛ ባርኔጣቸውን አውልቀው ውስጡን ውጩን አዩት። "ለዚህ ነው አገር የቀናው?" አሉ። "ለዚህ ነው።" "በሉ እንግዲህ፣ የኔም ራስ ታሪኩ ውስጥ አለበት" አሉና መልሰው አደረጉት።

ግድግዳው ላይ አንድ ሰሌዳ አለ። እንድተረጉምላቸው አዘዙኝ። "ወደዚህ ሸለቆ የመጀመሪያው ሰው ሆብሊ የተባለ ባለወጥመድ ነው። ብቻውን መጣ፣ ጎጆ ሠራ፣ ጥቂት ክረምቶች ቢቨር አጠመደ። ከዚያ በኋላ ስለሱ የሚታወቅ ነገር የለም።"

"ከዚያስ?" አሉኝ።

"አለቀ ጋሼ። የለም ይላል።"

"እንዴት የለም ይባላል? ሰው አይደለም? ማን ቀበረው?"

ዶት በመስኮቱ ከሜዳው ማዶ ያለች ጉብታ አሳየችን። እላይዋ ላይ ድንጋይ ተከምሯል። የሆብሊ መቃብር ነው ይላሉ ሰዎች፣ አለች፣ እርግጡን የሚያውቅ ግን የለም። ጋሽ አዱኛ ከቫኑ ጥቁሩን ኮት አምጪልኝ አሉኝ። ለቅጠል ጉዞ ጥቁር ኮት ይዘው መጥተዋል! ለብሰው ሜዳውን አቋርጠው ሄዱ፣ ድንጋዩ ፊት ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል። ዶትን አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት። "ከሱ በፊት እዚህ ማንም አልነበረም?" የአገሩ ተወላጆች፣ ኢንዲያኖቹ፣ ከጥንት ጀምሮ እዚህ ያድኑ ነበር አለች። "ታዲያ ሆብሊ እንዴት ብሎ አንደኛ ሆነ?" ዶት ከት ብላ ሳቀች። በሚቀጥለው ዓመት ስንሄድ ሰሌዳው ላይ "የመጀመሪያው" የሚለው "ከመጀመሪያዎቹ አንዱ" ተብሎ አገኘነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ላውንድሪ ቤቱ ውስጥ ሦስት ሆንን፦ እኔ፣ ጋሽ አዱኛና ሆብሊ። "ጋሽ ሆብሊ" ነው የሚሏቸው፣ ያውም በአንቱታ። በረዶ በጣለ ቁጥር በላውንድሪው ትንሽ መስኮት ያዩና "ዛሬስ ጋሽ ሆብሊ ወጥመዳቸውን ለማየት አይወጡም" ይላሉ። ታሪኩን ለሰው በተናገሩት ቁጥር ደግሞ ይወፍራል። መጀመሪያ ውሻ ጨመሩላቸው፣ ቀጥሎ አንድ ግራጫ በቅሎ። አንድ ቀን ጭራሽ ሆብሊ ያነክሱ ጀመር።

"ማን ነገረዎት ያነክሳሉ ብሎ?" አልኳቸው።

"ያን ሁሉ ክረምት በረዶ ውሃ ውስጥ ቆመው ቁርጥማት ሳይዛቸው ይቀራል? ምን ነካሽ ልጄ፣ ትንሽ እዘኚላቸው እንጂ!"

እኔም ሳላውቀው ማዘን ጀመርኩ። ቤልትዌይ ላይ ትራፊክ ይዞኝ ቆሜ "እኚህ ሰውዬ ግን ምን ይበሉ ነበር?" እያልኩ ስጨነቅ ራሴን አገኘሁት። ይህን ስነግራቸው ደስታቸው ልክ አጣ።

ነገሩ ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። አንሶላ ወጥረን ይዘናል፣ እሳቸው ማራገፉን ተዉት። "ገኒ" አሉኝ፣ "ሰው ይሞታል፣ እሱ ያለ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ብቻ መሆን ነው። እኚህ ሰውዬ በዚያ ብርድ ታመው ተኝተው፣ ውሃ የሚያቀብላቸው አጥተው፣ በሩን እያዩ ቢሞቱስ? ሌት ተቀን እሱ ነው የሚታየኝ።" ስለማን እንደሚያወሩ ገብቶኛል፣ እንደገባኝም ገብቷቸዋል። አንሶላውን ጥዬ አቀፍኳቸው፣ ሱፐርቫይዘሯም አየችንና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው "ስለዚህ ተዝካራቸውን እናወጣለን" አሉኝ።

"የማንን?"

"የጋሽ ሆብሊን ነዋ! ሁለት መቶ ምናምን ዓመት ሙሉ ያወጣላቸው የለም።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባ ጋ ሄድን። አባ የንስሐ አባታችን ናቸው፣ ቀልድ የሚገባቸው፣ ግን ሥርዓት ላይ ፍንክች የማይሉ።

"የክርስትና ስሙ ማን ነው?" አሉ አባ።

"አላውቅም አባ።"

"ያረፈበት ቀንስ?"

"አላውቅም።"

"ሃይማኖቱ?"

"ቢቨር ያጠምዱ ነበር።"

አባ ወደኔ ዞሩ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። "ልጄ አዱኛ፣ ታዲያ ምን ብዬ ልጸልይ?" "ጸሎቱን ይተዉት። ለአንድ ብቸኛ ሰው ተብሎ ተደግሶ መንገደኛ ቢበላ ኃጢአት አለው?" "ማብላትማ ምን ኃጢአት አለው።" "በቃ እናበላለን።" "አብሉ፣ እኔ ግን የለሁበትም።" "እሺ አባ። ሁለት በግ ነው የሚታረደው።" አባ ጺማቸውን ዳሰስ አደረጉ። "ሐኪሙ ለጉልበቴ የተራራ አየር ጥሩ ነው ብሎኝ ነበር" አሉ።

የማኅበሩ ሴቶች መጀመሪያ ተንጫጩ። "የራሳችንን ሰው ተዝካር በወጉ ሳናወጣ ለማናውቀው ፈረንጅ?" ጋሽ አዱኛ አንድ በአንድ ዞረው ለመኗቸው። ለአንዷ የሰውየውን ብርድ፣ ለሌላዋ ቁርጥማቱን፣ ለሦስተኛዋ ግራጫዋን በቅሎ አወሩላት። በመጨረሻ ሴቶቹ ከኔ በላይ ተቆረቆሩ። አንዷማ ላንድማርክ በረንዳዋ ላይ በትልቅ የፕላስቲክ በርሜል ጠላ ጠመቀች። እኔ ለዶት ደወልኩና "የመታሰቢያ ምሳ ነው፣ መንደሩ ሁሉ ተጋብዟል" አልኳት። ዶት በደስታ ጮኸች። ከሳምንት በኋላ መልሳ ደወለችና፣ ወሬው በየዘመዱ ሲዞር ሆብሊ የሚባል ስም ያላት አንዲት ሴት ከኬንታኪ እንደደወለች፣ እንደምትመጣም ነገረችኝ። ለጋሽ አዱኛ አልነገርኳቸውም፣ ሰርፕራይዝ ይሁንላቸው ብዬ ነው።

ቀኑ የአሜሪካኖቹ የሠራተኞች በዓል፣ የሌበር ደይ፣ ቅዳሜ ነበር፣ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ። በጎቹን የሸለቆው ገበሬ ሸጠልን፣ ወንዶቹ እዚያው አረዱ። ወጡ ከሌሊት ጀምሮ አሌክሳንድሪያ ተሠርቶ በቫን መጥቷል። ሜዳው ላይ፣ ከድንጋዩ ክምር ሥር፣ ጠረጴዛ ዘረጋን። ቀትር ላይ መንደርተኛው መምጣት ጀመረ። እያንዳንዱ ታዲያ አንድ አንድ ነገር ተሸክሟል፦ የድንች ሰላጣ፣ ባቄላ፣ የፖም ፓይ፣ እንደገና የድንች ሰላጣ። ዶት በአገራቸው ልማድ ሰው ሁሉ የየራሱን ይዞ ይምጣ ብላ ኖሯል። ጠላ የጠመቀችው ሴት ተቆጣች። "የኛ ድግስ አይበቃም ብለው ነው? ስድብ ነው ይሄ!" ጋሽ አዱኛ ግን ፊታቸው በራ። "ዝም በይ አንቺ! እዝን ነው። እዝን ይዘው መጡ! ታያላችሁ አይደል፣ አገሩ ወግ ያውቃል!" አሉና እያንዳንዷን የድንች ሰላጣ በሁለት እጃቸው እየተቀበሉ፣ ጎንበስ እያሉ፣ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ።

"እኔ የለሁበትም" ያሉት አባ ተነስተው አቡነ ዘበሰማያት አደረሱ። ከዚያ ጋሽ አዱኛ ጥቁሩን ኮት ለብሰው፣ ነጠላቸውን ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው ለሐዘን ተከናንበው፣ ድንጋዩ አጠገብ ቆሙ። ንግግር ያደርጋሉ ብለን ስንጠብቅ ሙሾ አወረዱ፦

ወጥመድህ ዝጎ ውሃ ዳር ቀርቶ፣
ማን ይጠይቅህ ጎረቤት ጠፍቶ።

ሴቶቻችን ተቀብለው አለቀሱ። እውነተኛ ለቅሶ ነበር፣ እኔ ራሴ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ፈረንጆቹ ቆብ ቆባቸውን አውልቀው፣ ቃሉ ሳይገባቸው፣ አንገታቸውን ደፉ። አንድ ግዙፍ ገበሬ መሐረብ አውጥቶ አፍንጫውን ሲናፈጥ ትዝ ይለኛል።

ለቅሶው ረገብ ሲል ከኋላ አንዲት ደልደል ያለች፣ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ብድግ አለች። ሊንዳ ሆብሊ እባላለሁ አለች፣ ከኬንታኪ ነው የመጣሁት፣ የስኩል ባስ ሾፌር ነኝ። ከኋላዋ ወንድሞቿ፣ ልጆቿ፣ አክስቶቿ ተቀምጠዋል፣ ሁለት ረድፍ ሙሉ። "ሰው ለቤተሰቤ እንዲህ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም" አለች። "ግን እውነቱን ካልነገርኳችሁ አይሆንልኝም። እዚህ ያለው እሱ አይደለም። ወጥመዱን ሰብስቦ ተራራውን ተሻግሮ እኛ ጋ ነው የመጣው። አግብቷል። አሥራ አንድ ልጆች ወልዷል። ሸምግሎ፣ አልጋው ላይ፣ ልጆቹ ዙሪያውን ከበውት ነው የሞተው። መቃብሩ እኛ ጋ ነው፣ በየዓመቱ እናጸዳዋለን።"

እንግሊዝኛ የሚያውቁ ሐበሾች መሬት መሬት ያያሉ። ያ ግዙፍ ገበሬ ወደ ዶት ተጠግቶ "እኔም አያቴ ድንጋዩ ከእርሻ የተለቀመ ነው ትለኝ ነበር" ሲላት ሰማሁ። ጋሽ አዱኛ አንዱም አልገባቸውም። "ምን አለች?" አሉኝ። ያ ሁሉ ልፋት፣ ያ ሁሉ እንባ፣ በሕዝብ ፊት ለአንድ ቁልል የእርሻ ድንጋይ! ይሰበራሉ ብዬ ፈራሁ። "ገኒ፣ ምን አለች እኮ ነው የምልሽ?"

ቃል በቃል ነገርኳቸው።

ጋሽ አዱኛ ሊንዳን አዩአት። ከኋላዋ የተቀመጡትን በሙሉ አንድ በአንድ አዩ። "አሥራ አንድ?" አሉ። "አሥራ አንድ" አልኳቸው። "ብቻቸውን አልነበሩም?" "አልነበሩም ጋሼ። ልጆቻቸው ከበዋቸው ነው።" "ውሃ የሚያቀብል ነበረ?" ተረጎምኩላት፣ ሊንዳ እያለቀሰች ራሷን ነቀነቀች። "አሥራ አንድ ውሃ አቀባይ" አለች።

"እሰይ!" ብለው ጮኹ። ሜዳው አስተጋባ። "እሰይ የኔ ጌታ! ወልደው ከብደው! ምን ታፈጣላችሁ፣ እልል በሉ እንጂ!" ነጠላቸውን ከራሳቸው ገፈው፣ ገልብጠው፣ እንደ በዓል ለበሱት። ጠላ የጠመቀችው ሴት ቀድማ እልልታውን ለቀቀችው፣ ሌሎቹ ተከተሉ፣ የመንደሩ ሴቶች ደግሞ እልልታውን ሊሞክሩ ሲሉ ሳል ያዛቸው። አባ ወደ ሰማይ ቀና ብለው "ተመስገን፣ ከስንት ጣጣ ገላገልከኝ" አሉ። ጋሽ አዱኛ ሊንዳን እጇን ይዘው ከጠረጴዛው ራስ ላይ አስቀመጧትና በእጃቸው አጎረሷት። እሷም አጎረሰቻቸው፣ የድንች ሰላጣ፣ በሹካ። ተዝካሩ ሰርግ ሆነ። ያ ገበሬ ቫዮሊን አመጣ፣ የኛ ሰው እስክስታ ወረደ፣ አባም ያን ቀን ስለ ጉልበታቸው አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

ወደ ቤት ስንመለስ ቫኑን የምነዳው እኔ ነበርኩ፣ እሳቸው ከጎኔ ናቸው። በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ። አፍረው ይሆን እያልኩ በጎን ሰርቄ አያቸዋለሁ።

"ገኒ" አሉኝ በመጨረሻ። "እዚያ ድንጋይ ሥር እንግዲህ ማንም የለም ማለት ነው?"

"ማንም የለም ጋሼ።"

"ጥሩ" አሉ፣ ባርኔጣቸውን ዓይናቸው ላይ ደፍተው ሊተኙ እየተመቻቹ። "ቦታው ክፍት ነው ማለት ነው።"

ቫኑ በሳቅ ተናወጠ። ቀልድ መስሎን ነበር።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሌበር ደይ ሲደርስ ሄድን። የሊንዳም ዘመዶች መጡ፣ ሌላ ጊዜም ኬንታኪ ድረስ ጋሽ አዱኛን ጠርተው ወሰዷቸው፣ ለትልቁም ለትንሹም ስለ ግራጫዋ በቅሎ አውርተው ተመለሱ። በመጨረሻው ዓመት፣ ሕመሙ ሲጠናባቸው፣ የእድሩን ሹማምንት ሰብስበው "እኔን እዚያ ሜዳ ላይ ነው የምትቀብሩኝ" አሉ። መሬቱ የዶት መንደር ቤተ ክርስቲያን ንብረት ነው፣ ፈቃዱንም ራሷ ዶት፣ በዊልቸር ላይ ሆና፣ አስጨረሰች። ሲታመሙም ብቻቸውን አልነበሩም፣ ሳልቫዶሮቹም እኛም ተራ ገብተን ነበር። እሱ ያጽናናኛል።

የቀብሩ ዕለት አባ በክርስትና ስማቸው ጠርተው፣ ፍትሐቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አደረሱ። የሊንዳ ሰዎች ከኬንታኪ መጥተው ነበር፣ የት መቆም እንዳለባቸው ስላላወቁ ከመቃብሩ ጎን በአንድ መስመር ቆሙ። አፈሩ ተመልሶ ሲያበቃ የኛ ሰው ዞር ዞር አለ። ቀብር ሲያልቅ ለቅሶ ደራሹ ዘመድ ፈልጎ፣ "እግዜር ያጥናችሁ" ብሎ ነው የሚመለሰው። ለጋሽ አዱኛ ግን ለማን ይባላል? ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። አባ ናቸው ቀድመው የተንቀሳቀሱት። መስቀላቸውን እንደያዙ ሜዳውን አቋርጠው ሊንዳ ፊት ቆሙ፣ እጇን በእጃቸው ያዙና "እግዜር ያጥናችሁ" አሏት። ከዚያ ማንም ሳያዘው ሰው ሁሉ ተሰለፈ። የሲልቨር ስፕሪንጉም፣ የላንድማርኩም፣ የሆቴሉም፣ እያንዳንዱ በሊንዳ ወንድሞችና ልጆች ፊት እያለፈ፣ እጅ እየነሳ፣ "እግዜር ያጥናችሁ፣ እግዜር ያጥናችሁ" አለ። ሊንዳ እያለቀሰች የሁሉንም እጅ ተቀበለች። ተራዬ ደርሶ እጄን ስዘረጋላት አልለቀቀችኝም፣ ጎተተችኝና ከጎኗ አቆመችኝ። ከኋላዬ የነበሩት ሴትዮ ለሷ ከጨረሱ በኋላ ወደኔ አለፉና እጄን ያዙ። "እግዜር ያጥናሽ ልጄ" አሉኝ።